ሬዲዮውን ማን ነው የሚያስጮኸው

ረቡዕ

ዛሬም ተንጫጫ። ጣቢያው ከሩቅ ያጉረመርማል፤ በላዩ ላይ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ የሚመስል ዝዝዝ አለ። አባዬ መቃኛውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቅንጣት ታህል ያዞራል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ መልሶ ያዞራል። የዘጋው ዜናው ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሙሉውን አልሰማም።

«እዚህ ቤት ሬዲዮ አይሰማም» አለኝ። «ጃጁራ ይሰማል።»

ሬዲዮውን ከፊቱ አንስቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

የቀኝ ዓይኑ የሞራ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ገና ሳምንት አልሞላውም። ቀኙ ታሽጓል፤ ግራውም ሞራ አለበት፤ በእሱ የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ቀጠሮው የሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን እዚህ ልጻፈው፣ ንዴቴ እንዲበርድልኝ፦

ጭስ አይንካው።
አቧራ አይንካው።
አያጎንብስ።
ከባድ ነገር አያንሳ።
የጠብታው ሰዓት አይለፍ።

ጃጁራ ያለው የገጠር ቤቱ ከነዚህ አንዱንም አያሟላም። ማገዶ የሚነደው እሱ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ነው። እንሰቱ በሩ ሥር ነው፤ ገና ሳይቀመጥ ጎንበስ ብሎ አረም ይነቅላል። በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ፣ ቁስል ሲያክም ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን «አትንካ፣ አትከክ» ሲል ኖሮ ለራሱ ሲሆን አይሰማም። ዓይኑ ከተመረዘ ደግሞ የሚተርፈው የግራው ጥላ ነው።

ዘዴ አላጣሁም ነበር። ማንበብ አይችልም፣ ቴሌቪዥን አያይም፤ ስለዚህ ስልክ ላይ ዜና ላወርድለት ብዬ ጠየቅሁት።

«ስልኩን የምትከፍቺልኝ አንቺ ነሽ» አለ። «ሬዲዮውን ራሴ እከፍታለሁ።»

ኤፍ ኤም አይወድም። ሲያወሩ ይሳሳቃሉ ይላል። እሱ የሚፈልገው በአጭር ሞገድ ከውጭ የሚመጣውን የማታውን የአማርኛ ስርጭት ነው። ወጣት ሆኖ ገጠር ጤና ጣቢያ ሳለ ጀምሮ ይሰማዋል።

ወንድሜ ማቴዎስ ደግሞ ከጃጁራ ደወለ። «አባዬን አታስጨንቂው፣ ከፈለገ ላኪው» ይለኛል። ማቴዎስ በደህናው ጊዜ በወር አንዴ የማይደውል ልጅ ነው። በዚህ ሳምንት ግን ሦስተኛ ጊዜው መሆኑ ነው። የሆነ ነገር ይፈልጋል።

ባለቤቴ ሥራው ወራቤ ነው፤ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔ፣ አባዬ፣ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው መሠረትና ይሄ ጩኸት ብቻ ነን።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ ሬዲዮውን ገበያ አካባቢ ወዳለ ሬዲዮ ሠሪ ወሰድኩት። ጀርባውን ፈታ፣ እፍ አለበት፣ በብሩሽ ጠረገው።

«ማዘር፣ ይሄ አርጅቷል።»

«ጃጁራ እኮ ይሰማ ነበር።»

«ጃጁራ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ነው?»

ከመደርደሪያው ላይ አዲስ፣ አብለጭላጭ፣ አንቴናው ክንድ የሚያህል አወረደ። ዋጋውን ሲነግረኝ ፊቴ ላይ ያየውን አይቶ «ዓለምን በሙሉ ይይዝልሻል» ብሎ ጨመረበት።

«እስቲ አሁን ያዝልኝ።»

ከፈተው። ዝዝዝ። አሽከረከረው። ዝዝዝ።

«እዚህ ሱቅ ውስጥ መብራት ስለበዛ ነው» አለ።

«እኔም ቤት መብራት አለ። ታዲያ አዲሱን ብገዛ ምን ሊለወጥ ነው?»

«ማዘር፣ ዳኛ ነሽ እንዴ?»

«ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው።»

«ታስታውቂያለሽ» ብሎ ሳቀ። የእኛንም ሬዲዮ መልሶ ገጠመው። ከሱቁ ወጥቼ መንገዱ ዳር ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አለፍ ብዬ ከፈትኩት። ጩኸቱ ቀነሰ። አልጠፋም፣ ግን ቀነሰ። በቁጣ ተመለስኩ።

«አርጅቷል ያልከኝ ውጭ ወጥቶ ተሻለው!»

«እንግዲያው ሽቦ ዘርጊለት» አለ፣ አሁን በቁም ነገር እየተናገረ። «ረጅም ሽቦ፣ ከቤቱ ራቅ ያለ፣ ከፍ ያለ። በኮረንቲም አትክፈቺው፣ በባትሪ ድንጋይ ይሁን። ሌላ ወጪ አያስፈልግሽም።»

ይሄንን ያለ ገንዘብ ለምን ነገረኝ? መጀመሪያ ለምን አልነገረኝም? ከሱቁ ሊያስወጣኝ ፈልጎ ይሆናል። ቢሆንም ሽቦ ፍለጋ ብረታ ብረት ተራ ሄድኩ። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅል አገኘሁ። ሻጩ ለምን እንደምፈልገው ሲጠይቀኝ «ለልብስ ማስጫ» አልኩት። ለሬዲዮ ነው ብዬው ቢሆን ዋጋ ይጨምር ነበር።

ዓርብ

ከሥራ ስመለስ አባዬ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀኛል። የእሱ ሥራ ማዘዝ ሆነ።

«ከቆርቆሮው አርቂው። ቆርቆሮ ይውጠዋል።»

«እንዴት አየኸው?»

«ሲፍቅ ሰማሁት።»

ሽቦውን ከመስኮቱ አስነስቼ በእንሰቱ ላይ አሳልፌ ወደ ኋላ አጥር ወሰድኩት። ከፍ ያለ ነገር የለንም። ከጎረቤታችን ከጋሽ ታደሰ ግቢ ወደ እኛ ያዘነበለ የአቮካዶ ቅርንጫፍ አለ። መሰላል ላይ ወጥቼ በላስቲክ ገመድ ላስረው ስል የጋሽ ታደሰ ጭንቅላት ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«አስቴር፣ ምንድነው እሱ?»

«የሬዲዮ ሽቦ ነው ጋሽ ታደሰ።»

«ሬዲዮ ሽቦ አለው እንዴ? የእኔ የለውም።»

«የእርስዎ ኤፍ ኤም ነው።»

«ታዲያ ከእኔ ዛፍ ምን ይወስዳል?»

«ምንም አይወስድም። ይታሰርበታል እንጂ።»

«ከዛፉ ወርዶ ከእኔ ቆጣሪ ጋር ቢገናኝስ? እኔ ምን አውቃለሁ?»

ዞሮ በበራችን ገባ። ሽቦውን በእጁ ጀርባ ነካ አደረገው። ምንም አልነዘረውም። ሽቦው መስኮቱ ድረስ መሄዱን በዓይኑ ተከተለ፤ አባዬን ሰላም አለ፤ «ለጊዜው ይሁን» አለና ሄደ። ወዲያው የራሱን ቆጣሪ ሳጥን ሲከፍት ሰማሁ። ኮቱን እንደለበሰ ቆሞ ቁጥሩን ሲያይ ይታየኛል። አልፈርድበትም። እኔም ብሆን አየው ነበር።

አባዬ ደግሞ መሬት የሚገባ ሽቦም ያስፈልጋል አለ። ከድሮው አጥር የተረፈ ብረት መስኮቱ ሥር ቀበርኩና ውኃ አፈሰስኩበት፤ ከእሱ ሌላ ሽቦ ወደ ሬዲዮው ሄደ።

ማታ ተቀመጥን። ድምፁ መጣ! ሰውየው እዚሁ ሳሎን የገባ ያህል። ጩኸቱም አብሮት መጣ፣ እሱም እዚሁ ሳሎን የገባ ያህል።

«ሁለቱም አደጉ» አለ አባዬ።

ሽቦው መልካሙንም ክፉውንም እኩል ነው የሚሰበስበው ማለት ነው። አባዬ ስርጭቱን ሆን ብለው ያውኩታል ይላል። ማን እንደሚያውከው አይናገርም፣ ጣቱን ወደ ላይ ብቻ ይጠቁማል። ማን ነው ከመላው ከተማ የእኔን ግቢ መርጦ የሚያውከው? ጩኸቱ ቅርብ ነው። መንገድ ዳር ቀንሶ ነበር።

የአባዬ ሻንጣ አልጋው ሥር ነበር። ዛሬ አልጋው ላይ ነው።

ቅዳሜ

ትልቅ ነገር ሆነ።

ምሳ ላይ መብራት ጠፋ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። አባዬ ጮኾ ጠራኝ፤ ዓይኑን መስሎኝ ሮጥኩ።

«ስሚ!»

ሬዲዮው በድንጋይ ተከፍቷል። አንድ የዓረብኛ ጣቢያ፣ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ መዝሙር በማላውቀው ቋንቋ። ጥርት ብሎ። ዝንቡ የለም። አባዬ መቃኛውን እንደ ድሮው በእርጋታ ያዞራል፤ ፊቱ ተለውጧል። ትንሽ ቆይቶ መብራት መጣ፤ ዝንቡም ወዲያው መጣ።

ስለዚህ ሬዲዮው አላረጀም። ከላይ የሚያውከውም የለም። ጥፋተኛው በኮረንቲ የሚሠራ ነገር ነው፣ ቅርባችንም ነው።

መጀመሪያ የራሴን ቤት ጠረጠርኩ። የዋናውን ቤት ማጥፊያ በረንዳው ላይ ካለው ሰሌዳ ዘጋሁ። ፍሪጁ ዝም፣ አምፖሉ ዝም። ጩኸቱ አለ። ከዚያ ጋሽ ታደሰን ጠረጠርኩ፤ ትናንት ያን ያህል የመረመረኝ የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ብዬ። ሬዲዮውን ደረቴ ላይ አቅፌ በአጥሩ ሥር ሄድኩ። በእሱ በኩል ጩኸቱ ይደክማል። እንሰቱ ጋ ስደርስ ከነጭራሹ ይጠፋል ማለት ይቻላል። አባዬን እዚያ አላስቀምጠው ነገር፣ ማታ ብርድ ነው፣ ንፋሱም አቧራ ያነሳል።

ተመለስኩ። በሰርቪስ ቤቱ በኩል ስጠጋ ጩኸቱ አደገ። ግድግዳው ጋ ስደርስ ሬዲዮው አገሳ።

መሠረት ቤት የለችም። ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ መጋረጃው ተዘግቷል። ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ምንድነው የሚሠራው?

አስታወስኩ፣ አንድ በአንድ። መጋረጃው ከተዘጋ ሰነባብቷል። ባለፈው አንድ ትልቅ ካርቶን ይዛ ስትገባ «ልብስ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ቆጣሪያችን የጋራ ነው፣ የካርድ፤ ካርዱ ከወትሮው ቀድሞ አልቋል። «እዚህ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዛሬው፦ መብራት ሲጠፋ በባጃጅ እየተጣደፈች መጣች፣ ሰላም ሳትለኝ ገብታ በሩን ዘጋች፤ መብራት ሲመጣ ወጥታ ሄደች። መብራት ጠፋ ብሎ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው ምን ያለው ነው?

ምድጃ ነው። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው ይላል።

የሰርቪሱ ማጥፊያም እዚያው ሰሌዳ ላይ ነው። ጣቴ ደርሶበት ነበር።

«የሰው ቤት ሳትጠይቂ አታጥፊ» አለ አባዬ ከወንበሩ። ምን እንደማደርግ እንዴት እንዳወቀ እንጃ። ተውኩት። ማታ መሠረት ስትመጣም አላናገርኳት። መጀመሪያ ላያት ፈለግሁ። አምፖሏ ሳይበራ በመጋረጃው ሥር ቢጫ ብርሃን ይታያል።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠበቅኋት። መሠረት መዋለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ድምፅዋ ሁልጊዜ ለሕፃን የምትናገር ዓይነት ነው። ዛሬ አልነበረም።

«መሠረት፣ ቤትሽ ውስጥ ምን አለ?»

«ምን አለ እትዬ?»

«እኔ ነኝ የጠየቅሁት።»

«አልጋ አለ። ወንበር አለ።»

«ኮረንቲ የሚበላ።»

ሬዲዮውን ከፍቼ ወደ በሯ አስጠጋሁት። አገሳ። እጄ ላይ ያለውን አየችው፤ እንደሚያሸት ውሻ አየችው።

«እሱ ምን ያውቃል?» አለች።

«ይኸው ይናገራል።»

ከፈተች። ምድጃ ጠብቄ ነበር። ጥጉ ላይ የቴሌቪዥን ካርቶን ቆሟል፣ ውስጡ በነጭ ፎም የተለበደ፣ ላዩ በብርድ ልብስ የተሸፈነ። በጎኑ ሽቦ ይገባል። ክዳኑን ትንሽ ገለጥ ስታደርግ ሙቅ አየር ወጣ። እንቁላል። ጎን ለጎን የተደረደረ እንቁላል፣ በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል። ጥግ ላይ በግማሽ የሚበራ ቢጫ አምፖል።

«ልትፈለፍያቸው ነው?»

«ጫጩት ልሸጥ ነው። ደመወዜን ያውቁታል።»

«እኔ ቤት ውስጥ! በእኔ ቆጣሪ!»

«ውሉ የሚከለክለው ምድጃ ነው። እንቁላል አይከለክልም። አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

ይህችን ለሕፃናት የሰጣት ማን ነው? ቦታዋ መዝገብ ቤት ነበር።

ለምን ደበቅሽኝ ስላት የበፊቱ አከራይዋ ትንሽ ፍሪጅ ስትገዛ እንዳስወጣት ነገረችኝ። ይሄ እውነት ሊሆን ይችላል። የፈለገ እውነት ቢሆን ጩኸቱ አለ። አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ከበራ ይቀቅላቸዋል፣ ካልበራ ይበርዳቸዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የምታደርግበት ትንሽ ማዞሪያ ገጥማለታለች። አዙሪው አልኳት። ወደ ቀኝ ስታዞረው የሬዲዮው ጩኸት ቀጠነ፤ ወደ ግራ ስታዞረው ወፈረ። ጥፋተኛው ተያዘ፦ አውራ ጣት የምታህል አንድ ነገር።

«አጥፊው» አልኳት።

«እንዴት ላጥፋው እትዬ? ሕይወት አለባቸው እኮ!» የስልኳን መብራት አንዱ እንቁላል ላይ ለጠፈች። ውስጡ ቀይ ክር የመሰለ ደም ሥር ታየ። በመካከሉ አንድ ነጥብ ተንቀሳቀሰ። አልጠበቅሁም ነበር።

«እዚያ አባቴ አለ። ሬዲዮ ካልሰማ ነገ ጭስ ውስጥ ሊገባ ነው። ዓይኑ ሊጠፋ ነው። ለጫጩት ብዬ?»

«ለእኔ እኮ ጫጩት ብቻ አይደሉም።»

እየተጯጯህን ሳለን አባዬ በግድግዳው እየተደገፈ በሩ ላይ ደርሷል።

«ተያት አስቴር» አለ። «እኔ ነገ ሄጃለሁ። እንቁላሉን ለምን ታስገድያታለሽ?»

ደስ ብሎት ነው የተናገረው። ሰበብ ያገኘ ሰው ድምፅ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ፋይል ይዞ ይመጣብኛል።

«አባባ፣ ይቅርታ» አለች መሠረት። አሁን የሕፃናቱ ድምፅ ነው።

አባዬ አልሄደም። ቆሞ አሰበ።

«ዶሮ ስትታቀፍ አንዴም ከጎጆዋ አትነሳም እንዴ?» አላት።

«ትነሳለች። ጥሬ ለመልቀም፣ ውኃ ለመጠጣት።»

«ምን ያህል ትቆያለች?»

«ትንሽ። በቀን አንዴ።»

«እንቁላሉ ይሞታል?»

አባዬ እጁን ዘርግቶ ካርቶኑን ዳሰሰ፣ ብርድ ልብሱን ዳሰሰ።

«ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ ነበረን። ጋዙ ሲያልቅ ማንም ክዳኑን እንዳይነካ በሩ ላይ እቀመጥ ነበር። ካልተከፈተ ብርዱን ይዞ ይቆያል። ይሄም ሙቀቱን ይይዛል። ሌላ ብርድ ልብስ ይደረብበት፣ ክዳኑን ማንም አይንካ።»

ስርጭቱ የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው። ውል አሰርን፤ እሁድ ስርጭት ስለሌለ የሚጀምረው ነገ ማታ ነው። ስርጭቱ ሲጀምር መሠረት ታጠፋለች፣ ሲያልቅ ታበራለች። አባዬ እንዲህ ሲል ነገ እሄዳለሁ ያለውን አንስቷል ማለት ነው? አልጠየቅሁትም። ሻንጣው ግን አልጋው ላይ ነው።

ሰኞ

ጠዋት ተነስቶ ለብሶ አገኘሁት። ኮፍያውን ሳይቀር አድርጓል።

«ማታ ካልተሰማ ነገ ነው» አለ።

ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ሆኜ ሐሳቤ ቤት ነበር። ማታ መሠረት ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ አጠፋች። እኛ ሳሎን ተቀመጥን። ዝንቡ ሞተ። የአቮካዶው ሽቦ የሚሰበስበው አሁን ድምፁን ብቻ ነው። ዜና አንባቢዋ ስትተነፍስ እንኳ ይሰማል። አባዬ አልተንቀሳቀሰም። ዜናው፣ ከዚያ ሐተታው፣ ከዚያ የአድማጮች መልእክት፤ ሁሉንም ሰማ።

ሊያልቅ ሲል ዝዝ አለ። ሰዓቱን አየሁ። ቀድማ አብርታለች!

ልነሳ ስል «ተያት» አለኝ። «እናት ሁሉ እንዲሁ ናት።»

ቢሆንም ሄድኩ። መሠረት ካርቶኑ አጠገብ ተንበርክካ ቴርሞሜትሩን ታያለች። ብዙም አልወረደም። አባዬም ተከትሎኝ መጥቷል። አንድ እንቁላል አቀብይኝ አላት፤ ተቀብሎ ወደ ፊቱ ወሰደና የዓይኑ ቆብ ላይ አደረገው።

«አባዬ! ዓይንህን!»

«ግራው ነው» አለ። «ሙቀት በዚህ ነው የሚታወቀው። እጅ ይዋሻል።» ትንሽ ቆይቶ መለሰላት። «ደህና ነች።»

እጁን አስታጠብኩት፤ ፊቱንም እንዳይነካ ነገርኩት። ጠብታውን ሳደርግለት እንደ ሌላው ቀን አላጉረመረመም።

ማክሰኞ

ማቴዎስ ደወለ። በዚህኛው አልታገስኩም።

«ለምንድነው አባዬን ላኪው ላኪው የምትለኝ? ምን ልታስፈርመው ነው?»

«ምን አስፈርመዋለሁ? እኔ እኮ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እሱ ራሱ ነው። በጎረቤት ልጅ ስልክ እየደወለ ‹ለእህትህ ንገራት፣ ትላከኝ በላት› ይለኛል። እምቢ ስለው ይቆጣኛል።»

ስልኩን ዘጋሁ። ወንድሜን ሳምንቱን ሙሉ በልቤ ስከሰው ነበር። አባዬን ግን አልጠረጠርኩትም፤ የታሸገ ዓይን ያለው ሰው አይጠረጠርም። ሬዲዮውም ሰበብ ነበር ማለት ነው? ወይስ ሁለቱም እውነት ናቸው?

በምሳ ሰዓት ቤት ደረስኩ። አባዬ ሳሎን የለም። ሰርቪሱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። መሠረት ሥራ ስትሄድ ቁልፉን ሰጥታዋለች። ለእኔ አንድም ቀን ሰጥታኝ አታውቅም።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«መብራት ከጠፋ ልነግራት ነው። ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኛለች፤ የጎረቤቱ ልጅ ይደውልልኛል።»

«ማቴዎስ ደውሎ ነበር» አልኩት። ፊቱን አየሁ።

«ምን አለ?»

«ደህና ነኝ አለ።»

«ደህና ከሆነ ጥሩ» አለና ወደ በሩ ዞረ። ሁለታችንም ምን እንደተባለ እናውቃለን። አላነሳሁበትም። ክርክር ከጀመርን ሻንጣውን የሚያነሳው በእልህ ነው። ነገ አንድ ቀን ነው፤ ከነገ ወዲያ ሐኪሙ አለ።

ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ መብራት የለም። ሰፈሩ በሙሉ። ጨለም ማለት ጀምሯል። ግቢ ስገባ የሬዲዮው ድምፅ ከውጭ ተቀበለኝ። እንዲህ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም፤ የአካባቢው ኮረንቲ በሙሉ ሞቷል፣ የሚጮኸው ነገር የለም። አባዬ ዛሬ ጠገበ ብዬ ገባሁ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

ሬዲዮው ለባዶ ወንበር ያወራል። መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ላይ ሻንጣው የለም።

ምን እንዳሰብኩ ልጽፈው። ይህን ሁሉ ቀን ያዘናጋኝ ነው አልኩ። ቁልፉ፣ እንቁላሉ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም እኔ ዓይኔን ከእሱ ላይ እንዳነሳ ነው። ማቴዎስ መናኸሪያ ወርዶ ተቀብሎታል። አንድ ዓይኑ ታሽጎ፣ በሌላው ጥላ እያየ፣ በጨለማ። ቦርሳዬን ሳልጥል ወደ በሩ ሮጥኩ።

ከሰርቪስ ቤቱ ድምፁን ሰማሁ።

«አትክፈቺው! ጠርሙሱን በጎን በኩል አስገቢው። ሙቀቱ እንዳይወጣ።»

መሠረት ሻማ አብርታ ተንበርክካለች። ሙቅ ውኃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በጨርቅ እየጠቀለለች ካርቶኑ ውስጥ ታስገባለች። አባዬ ቀጥ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ሻንጣው ተከፍቷል፤ ሹራቡ፣ ጋቢው፣ የነተበው ኮቱ ሳይቀር ካርቶኑ ላይ ተደርበዋል።

«ውኃውን በምን አፈላችሁት?» አልኩ መጀመሪያ። ከሰል ከሆነ ልጮህ ነበር።

«በእርስዎ ቡታጋዝ» አለች መሠረት ቀና ብላ። «አባባ ጭስ አይሆንም አሉኝ። ጓዳ ገባሁ፣ ይቅርታ እትዬ።»

«አላጎነበስኩም» አለ አባዬ፣ እኔ ሳልናገር። «እሷ ናት የምታጎነብሰው።»

የጠብታው ሰዓት ደርሶ ነበር። እዚያው ወንበሩ ላይ ሳለ አደረግሁለት። ማሸጊያውን ሳነሳ ሻማውን አየና ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ሻማ ነው? አለኝ። ሻማ ነው አልኩት። በየትኛው ዓይኑ እንዳየው አልጠየቅሁትም፤ ነገ ሐኪሙ ይጠይቀው።

«ስርጭቱ እየሄደ ነው፣ ሳሎን ብቻውን ያወራል» አልኩት።

«ነገም ይኖራል» አለ። ከዚያ ወደ መሠረት ዞሮ «የሚፈለፈሉት መቼ ነው ያልሽው?»

«በሚቀጥለው ሳምንት፣ አባባ። መጨረሻው ላይ።»

በጣቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ።

«አስቴር፣ ለማቴዎስ ደውይለት።»

«ምን ልበለው?»

«በሚቀጥለው ሳምንትም አልመጣም በይው።»

ወጣሁ። ከልጁ ይልቅ ካርቶን አስቀረው። ይሄ እንዳልቆረቆረኝ አድርጌ አልጽፍም፤ ቆርቁሮኛል። ዓይኑ ግን ለማን ብሎ እንደቀረ ሐኪሙ አይጠይቅም። ደወልኩለት። ማቴዎስ አላመነኝም፤ «አስገድደሽው ነው» አለኝ።

ሬዲዮውን ዘጋሁት፣ ድንጋዩ እንዳያልቅ። ጓዳ ገብቼ ጠርሙስ ፈለግሁ። መብራት እስካሁን አልመጣም፤ ሁለተኛው ውኃ ሊፈላ ነው።